የአያቶቻችን ዘመን «አይታወቅም» አይባልም



በየዓመቱ ኪታ ዛይን የደረሱ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት አንድ ሥራ ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። ዐቮዳት ሾራሺም ይባላል፤ የቤተሰብን ሥር፣ የትውልድን ታሪክ የመፈለግ ሥራ ነው። ከሥራው ጋር ሠንጠረዥ ይሰጣቸዋል። አያት የተወለዱበት ዓመት፣ ያገቡበት ዓመት፣ ወደ አገር የገቡበት ዓመት እያለ ይጠይቃል፤ በየመስመሩም አራት አኃዝ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ቦታ አለችበት። እኛ በመምህራን ሥልጠና ላይ የተሰማራን የማኅበረሰቡ ልጆች፣ ይህን ሥራ ከሚያርሙ ወጣት መምህራን ጋር አብረን ስለምንቀመጥ ብዙ ደብተር አገላብጠናል። በቤተ እስራኤል ልጆች ደብተር ላይ ደጋግሞ ያጋጠመን ቃል «ሎ ያዱዓ» የሚለው ነው። አይታወቅም።

እውነት አይታወቅም? አንዱን ልጅ፣ አያትህን ጠይቀሃል ወይ ብንለው አዎን አለ። ታዲያ ምን አሉህ? ልጁም የአያቱን አነጋገር ሳያዛባ በአማርኛ ነገረን። «እኔ የተወለድኩት ጣሊያን ሲወጣ ነው። መሬት ሲታወጅ እናትህ ጡት ትጠባ ነበር። በ77 ከአገር ወጣን።» ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው እንግዲህ ልጁ በሁለቱ ቦታ ላይ «አይታወቅም» ብሎ የጻፈው። በሦስተኛው ላይ ቁጥር ስለሰማ 1977 ብሎ ሞላ።

እስቲ እኛ እንቁጠረው። (ካልገለጽን በቀር ዓመታቱን የምንጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።) ጣሊያን ከኢትዮጵያ ተሸንፎ የወጣው በ1941 ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967፣ እዚህ መጋቢት 1975 ነው፤ ያን ጊዜ ጡት ትጠባ የነበረች ልጅ በ1973 ወይም በ1974 የተወለደች ናት። «77» ደግሞ 1977 አይደለም፤ የኢትዮጵያ 1977 እዚህ 1984 እና 1985 ነው፤ የድርቁና የሱዳን መንገድ ዓመት። አያት ሦስት ነገር ተጠይቀው ሦስቱንም መለሱ። ስሕተቱን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ 1977 እውነት የሚመስል ዓመት መሆኑ ነው። በመናሔም ቤጊን መንግሥት ጊዜ ጥቂት ወገኖቻችን በአውሮፕላን የመጡት በዚያ ዓመት ስለሆነ፣ መምህሯ ትክክል የሚል ምልክት አድርጋ አልፋለች። በእግሩ በረሃ ያቋረጠ ቤተሰብ በአንድ የልጅ እርሳስ በአውሮፕላን የመጣ ሆኖ ቀረ።

ይህ የደብተር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። የምናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። በገቡ ጊዜ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» አሉ። ገጠር ያደገ ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ልጅ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጥጃ ይጠብቃል፤ ጠንከር ሲል በግና ፍየል፣ ከዚያ ከብት ይሰጠዋል። ጣሊያን የገባው በ1936 አካባቢ ስለሆነ ሰውየው የተወለዱት በ1929 ግድም ነው። የጻፈው ጸሐፊ ግን ጥጃውንም ጣሊያኑንም አላወቃቸውም፤ ፊታቸውን አይቶ 1938 ብሎ ጻፈ። የጡረታ ዕድሜያቸው ሲደርስ በመታወቂያው መሠረት ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀራቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት መጥረጊያ ይዘው ሠሩ። ቢሮ ለቢሮ ስንመላለስ ደጋግሞ የተነገረን «ቀናቸውን ራሳቸው አያውቁትም» የሚል ነበር። እሳቸው ግን ያውቁት ነበር፤ የተናገሩትን ወደ ዕብራይስጥ የሚያሻግር ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው የቋንቋ ነገር ነው። ያለፈውን ጊዜ ሁሉም ሕዝብ ይከፋፍለዋል፤ አከፋፈሉና ስያሜው ግን ከቋንቋ ቋንቋ ይለያል። በአማርኛ ዘመን የሚለው ቃል አንድ ዓመትም ነው፣ የሰው ዕድሜም ነው፣ ረጅም የታሪክ ምዕራፍም ነው። ዘመን መለወጫ ስንል ዓመት ተለወጠ ማለታችን ነው፤ ዘመነ መሳፍንት ስንል ደግሞ ከ1769 እስከ 1855 ያለውን ከሰማንያ ዓመት በላይ በአንድ ቃል እንጠራዋለን። ጊዜ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት እንጨምርበታለን፤ የጃንሆይ ጊዜ፣ የደርግ ጊዜ፣ የጣሊያን ጊዜ። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም ልክ እንደዚሁ ግዜ ጣልያን ይላሉ። መከራ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ያጥራል። ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን፣ ከብት ያለቀበትን፣ ሰው የረገፈበትን፣ ከኛም ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ የጠፋበትን ዘመን አባቶቻችን የጠሩት ክፉ ቀን ብለው ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን።

ይህን ለወጣት መምህራኑ ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ የራሳቸውም ቋንቋ እንዲሁ እንደሚያደርግ ስናሳያቸው ግን ዝም ይላሉ። የሩት መጽሐፍ መሳፍንት ይፈርዱበት የነበረውን ዘመን በዕብራይስጥ የሚጠራው «ቀናት» ብሎ ነው። ከዚያ መጽሐፍ ብዙ ቆይቶ የመጣው የአውሮፓ መካከለኛው ዘመንም በዕብራይስጥ የሜ ሀቤናይም ነው፤ ሺህ ዓመት የሚያህል ዘመን «የመካከል ቀናት» ተባለ። ዐረቦችም የቱርክን ዘመን አያም፣ ቀናት ይሉታል። ዝማን የሚለው የዕብራይስጥ ቃል፣ ሱዳን ሳለን እንሰማው የነበረው የዐረብኛ ዘማንና የእኛ ዘመን የአንድ ቃል ሦስት መልኮች ናቸው፤ ሊቃውንት ሥሩ ከጥንታዊ የፋርስ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ትኩፋ የሚለው፣ ዛሬ በትምህርት ቤት ለታሪክ ዘመን ሁሉ የሚጠቀሙበት ቃል፣ በኦሪት ውስጥ የዓመት ዙሪት ነው፤ ዞሮ መመለስ ማለት ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ፔሪዮድ የሚሉትም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው ዙሪያ መሄድ ነው።

የእኛ አከፋፈል ግን ከመዞር ይልቅ ከመቁረጥ የመጣ ይመስላል። መቶ ዓመቱን ዕብራይስጥ ሜአ፣ መቶ ብቻ ይለዋል፤ አማርኛ ክፍለ ዘመን ይላል፣ የዘመን ቁራጭ። ቄሶቻችን ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌን ያነቡ ነበር። ኩፋሌ ማለት ክፍፍል ነው፤ ዘመናትን በሳምንትና በኢዮቤልዩ፣ ሰባት ጊዜ ሰባት እያደረገ የሚከፍል መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በዕብራይስጥ ከቁምራን ዋሻዎች የወጣው ቁርጥራጭ ነው። ዘመንን እንዴት እንደሚከፍል መጽሐፍ ይዞ የኖረ ሕዝብ ዘመን አያውቅም ሲባል መስማት እንዴት አይገርም?

አሁን ወደ መምህራን ክፍሉ እንመለስ። የኢየሩሳሌም የድሮ ሰዎች ልጅ «አያቴ ቢዝማን ሀቱርኪም ነበረች» ብሎ ቢጽፍ፣ በቱርኮች ጊዜ ማለት ነው፣ ማንም አይታወቅም አይለውም። እንዲያውም ያማረ ሆኖ ይነበብለታል። ከሩሲያ የመጡ የሥራ ባልደረቦቻችን «ዶ ቮይኒ» ሲሉ፣ ከጦርነቱ በፊት ማለታቸው ነው፣ የትኛው ጦርነት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መምህሩ ራሱ ከ1941 በፊት ብሎ ይሞላዋል። የቱርክ ጊዜ በዚህ አገር አራት መቶ ዓመት ነው፣ ከ1517 እስከ 1917። የጣሊያን ጊዜ አምስት ዓመት ነው። እንግዲህ በሒሳብ ከሄድን የእኛ አያት ከዚያች አያት ሰማንያ እጥፍ ጠበብ አድርገው ነው የተናገሩት። ልዩነቱ አንደኛውን መምህሩ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ሌላውን ግን አልተማረውም። ያልተማረውን ነገር «አይታወቅም» ብሎ በልጃችን እጅ ያስጽፈዋል።

ከዚህ ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለው ሌላ ቃል አለ። የዚህ አገር የታሪክ መጽሐፍ የመጡትን ሁሉ በዘመን ይደለድላል። የመጀመሪያው ዓሊያ ከ1882 እስከ 1903፣ ሁለተኛው ከ1904 እስከ 1914፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛው ይዘልቃል። ልጆቻችን ለፈተና በቃላቸው ያጠኑታል። ከየመን የመጡት አይሁድ በ1881 እና በ1882 ኢየሩሳሌም ገብተው ነበር፤ አንደኛ ተብለው ግን አልተቆጠሩም። የመናውያንም፣ ኢራቃውያንም፣ እኛም በተራችን ስንመጣ ስማችን ሚቭጻ ሆነ። ሚቭጻ ሞሼ፣ ሚቭጻ ሽሎሞ፤ በቅርቡም በ2012 እና በ2013 ሚቭጻ ካንፌ ዮና፣ በ2020 የተጀመረው ሚቭጻ ጹር እስራኤል። በአማርኛ ዘመቻ ብለን ተረጎምነው። ዘመቻ ሲባል የሚዘምተው ሌላ ነው፤ ፓይለቱ ነው፣ ወታደሩ ነው፣ መልእክተኛው ነው። እኛ የተዘመተልን ነን። ለነዚያ ሰዎች ያለን ምስጋና ትልቅ ነው፤ ማንም እንዳያጣምምብን። ይሁን እንጂ ሚቭጻ ሽሎሞ በ1991 በግንቦት 36 ሰዓት ነው የፈጀው። ሚቭጻ ሞሼ ሰባት ሳምንት ያህል ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ሌሊት ሌሊት የተጓዝንበት፣ በገዳሪፍ አካባቢ መጠለያ ወራትና ከዚያም በላይ የጠበቅንበት፣ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችንን ያስቀረንበት ዘመን በዚያ ስም ውስጥ የለም። እናቶቻችን ይህን ዘመን በሱዳን ጊዜ ይሉታል። ይህ ነው ስሙ። (በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ሚቭጻ የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከሁሉ በላይ የሚያዩት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሻምፑ በአንድ ዋጋ ሲሆን።)

ከስያሜ ሁሉ የከፋው ግን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስለ ወላጆቻችን ይባል የነበረው ነው። ዶር ሀሚድባር፣ የምድረ በዳ ትውልድ። ዶር በዕብራይስጥ ትውልድ ብቻ ሳይሆን ዘመን ነው። ከግብፅ ወጥተው ምድሪቱን ሳይረግጡ በበረሃ ያለቁትን ያስታውሳል። ትልልቆቹ ከእንግዲህ አይለወጡም፣ ልጆቹን እናድን የሚል ሐሳብ በዚያች በሁለት ቃል ተጠቅልሎ በየስብሰባው ሲነገር እኛ ልጆች ነበርን፤ ከእናትና አባቶቻችን ቀድመን ዕብራይስጥ ስለገባን ሰምተነዋል። አባቶቻችን በረሃውን ተሻግረው፣ ምድሪቱን ረግጠው፣ እዚህ ተቀምጠው ሳለ ነው በረሃ የቀሩ የተባሉት። አንዳንዱ ደግሞ በቅን ልቡና ይመስለዋል፣ «እናንተ እኮ ከየሜ ሀቤናይም በአንድ ሌሊት ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጣችሁ» ይለናል። የመካከለኛው ዘመን የሮም መውደቅና የአውሮፓ መነሣት መካከል ነው። እኛ የማን መካከል ነበርን? በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሠርፀ ድንግል፣ ከዚያም በሱስንዮስ ዘመን በስሜን ተራራ ላይ ተዋግተው የወደቁት አባቶቻችን በምንም ነገር መካከል አልነበሩም፤ በራሳቸው ዘመን ነበሩ። እኛም በ1984 ከመንደራችን የወጣነው ከ1984 ነው፤ ወደዚህ የመጣነውም ወደ 1984 እና ወደ 1985 ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የራሳችንን ጉድለት መሸፈን አንፈልግም። እኛም በአማርኛ ስንከፍል የተጠቀምነው የነገሥታቱን ቢላዋ ነው። የዚህን ወይም የዚያን ንጉሥ ዘመን እንላለን፤ ንጉሡ በሞተ ማግስት ግን የጭሰኛው የቤተ እስራኤል ኑሮ ምን ተለወጠ? ዓመተ ምሕረት እያልን የምንቆጥረውም ጎረቤቶቻችን በእምነታቸው የሰየሙት ነው። በዚህ በኩል ዕብራይስጥ ለፍኔ ሀስፊራ፣ ከቆጠራው በፊት ብሎ ማለፉ ይሻላል፤ አማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ይላል፤ ስንተረጉም ሁልጊዜ እንቸገራለን። የራሳችንን ዘመን በራሳችን ኑሮ ብንከፍለው ድንበሩ ሌላ ቦታ ይወድቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንጉሥ ይስሐቅ ጊዜ ርስት መነጠቃችን አንድ ድንበር ነው። በ1862 አባ ማሃሪ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር የተነሡበት፣ ብዙዎች በትግራይ ያለቁበት ሌላ ነው። ክፉ ቀን አለ። ከዚያ የ1975 የመሬት አዋጅ። በሌላ ሰው መጽሐፍ 1974 ትልቁ ድንበር ነው፤ ንጉሥ የወረዱበት። ያ ልጅ ያመጣልን አያት ግን ንጉሡን አላነሡም፤ መሬት ሲታወጅ አሉ። ርስት ለሌለው ሰው ዘመን የተለወጠው ያን ቀን ነው።

ዘመነ መሳፍንት በዕብራይስጥ መጻሕፍት ዒዳን ሀነሲኪም፣ የልዑላን ዘመን ተብሎ ሲተረጎም አይተናል። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን አገሩ ያን ስም ሲያወጣ በልቡ የነበረው በመጽሐፈ መሳፍንት እንዳለው ንጉሥ ያልነበረበትና ሁሉም የወደደውን ያደረገበት ጊዜ ነው። ሾፍቲም ቢባል ኖሮ የኪታ ዛይን ልጅ ሁሉ ገና ሲሰማው ይገባው ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ትንሽ ነገር ሲጠፋ ልጁ የአያቱን ታሪክ የሩቅ ሰው ታሪክ አድርጎ ያነበዋል።

ምን ይደረግ? ትምህርት ቤቶቹ ሠንጠረዣቸውን እንዲጥሉ አንጠይቅም፤ ዓመት መጻፍ ደግ ነው። ከአራቱ አኃዝ አጠገብ አንድ ቦታ ይጨመር፣ በዚያ ጊዜ ምን ሆኖ ነበር የሚል። መምህሩ ያን ካነበበ ቁጥሩን ከልጁ ጋር ሆኖ ያወጣዋል፤ ለሒሳብም ለታሪክም ትምህርት ይሆናል። ወላጆችም፣ እባካችሁ፣ «77» ብላችሁ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ የማን 77 እንደሆነ ጨምሩላቸው። ይህ የኛ ጥፋት ነው፤ መምህር ላይ የምናላክከው አይደለም። መታወቂያቸው የተሳሳተባቸው ትልልቅ ሰዎች አሁንም አሉ፤ በየቢሮው አብሯቸው የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለውን አቆጣጠር በጽሑፍ ይዞ ቢቀርብ «አያውቁም» ለሚለው መልስ ይኖረዋል።

እኛ በበኩላችን በአማርኛና በዕብራይስጥ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ጀምረናል። በአንድ በኩል ሽማግሌዎች የሚሉት፣ በሌላው በኩል ዓመቱ። ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ 1888። መሬት ሲታወጅ፣ 1975። የኢዲዩ ጊዜ ላይ ስንደርስ ተጨቃጨቅን። የሑመራና የወልቃይት ሰዎች ቀድሞ ጀመረ ይላሉ፤ የጎንደር ዙሪያ ሰዎች በ1977 ነው ይላሉ። ጦርነቱ በአንድ ቀን ሁሉም መንደር አልደረሰምና ሁለቱንም ጻፍናቸው። የየመንደራችሁን ስያሜ የምታውቁ አምጡልን፤ ከስግድ በፊት ብናገኘው ለዘንድሮ ኪታ ዛይን ይደርሳል።

ልጁንም ወደ አያቱ መልሰን ልከነው ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ማለት መቼ ነው ብለህ ጠይቃቸው አልነው፤ አዲስ አበባ በግንቦት 1941 ነፃ ስትወጣ፣ ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27 ቀን ነውና፣ የጎንደር ሰው ሲናገር ልዩነቱ ግማሽ ዓመት ነው። በማግስቱ መጣ። አያቱ የጎንደሩ ነው ብለዋል። እናታቸው እንደነገሯቸው ስግድ አልፎ ነበር፣ አዝመራው ግን ገና አልተሰበሰበም። ልጁ «ሎ ያዱዓ» የሚለውን አጥፍቶ ኖቬምበር 1941 ብሎ ጽፏል፤ ጠባቧ ቦታ ስላልበቃችው ከሠንጠረዡ ውጪ ወጥቷል።